ባላጋራ፣ ጠላትና ፀር፦ ስለ ጠብ ቃላት ታሪክና ስለ «ፀረ-» አመጣጥ

እርስ በርሳቸው በጠብ ወይም በክርክር የሚተያዩ ሰዎችን የሚሰይሙ የአማርኛ ቃላት በመዛግብተ ቃላት ሲፈቱ ብዙውን ጊዜ አንዱ በሌላው ይተካል። ባላጋራ ምንድን ነው ሲባል «ጠላት»፣ ደመኛ ምንድን ነው ሲባል «ጠላት»፣ ባላንጣም ፀርም ያው «ጠላት» ይባላል። ለዕለት ንባብ ይህ አፈታት የሚያጐድለው ነገር ያለ አይመስልም። ተርጓሚን ግን ይጐዳል፤ ምክንያቱም ከባዕድ ቋንቋ የሚመጡበትን ተሟጋች፣ ተወዳዳሪ፣ ተቃዋሚና ተዋጊ ሁሉ በአንድ ከረጢት እንዲከት ይጋብዘዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ቃላት ዝርዝር ማቅረብ አይደለም፤ ለማሳየት የሚሞክረው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የቀድሞው የአማርኛ አሰያየም ጠብን የሚለየው በሁለቱ ወገኖች መካከል ባለው ነገር መሆኑን፣ ስለዚህም ስሙ ራሱ ጠቡ በምን መንገድ ሊያልቅ እንደሚችል የሚጠቁም መሆኑን፤ ከ1966 ዓ.ም ወዲህ የተስፋፋው በ«ፀረ-» የሚጀምረው አሰያየም ግን ሁለተኛውን ወገን ሰውሮ አንዱን ብቻ የሚያቆም፣ የመታረቂያ በር ያልተተወለት መሆኑን ነው። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በዚህ ስም የተጠሩ ሰዎች በዚሁ ስም ሞተዋል።

ከደመኛ እንነሣ። ቃሉ ደም ከሚለው ስምና -ኛ ከሚለው ምዕላድ የተገኘ ነው። -ኛ እንደሚታወቀው ፈረሰኛ፣ ነገረኛ፣ እረኛ በሚሉት ቃላት ውስጥ የሰውየውን ሥራ ወይም ጠባይ ያመለክታል። ደመኛ ግን ደም ማፍሰስ ሥራው የሆነ ሰው ማለት አይደለም። ከሌላ ሰው ጋር በመካከሉ ደም ያለበት ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ቃሉ ገዳይና ተገዳይን አይለይም፤ «እገሌ ደመኛዬ ነው» የሚለው የሟች ወንድምም ገዳዩ ራሱም ሊሆን ይችላል። በጎጃምም ሆነ በሌላው ሰሜናዊ የአገራችን ክፍል ደም በሽማግሌና በካህን ፊት «ይደርቃል»፤ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይለምናል፤ ካሳ ይቈረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ ደመኛ የሚለው ስም ይወድቃል፤ ስሙን የወለደው ነገር ተከፍሏልና። ቃሉን «ጠላት» ብሎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ይጥላል።

ጣውንትም እንደዚሁ ነው። በመሠረቱ አንድ ባል ያላቸው ሁለት ሴቶች አንዳቸው ለሌላይቱ ጣውንት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ነገር ጥላቻ ሳይሆን ባል ነው፤ ጥላቻው ቢመጣም ከዚያ የሚመጣ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቃሉ ለማናቸውም አንድ ነገር ለሚሻሙ ሁለት ወገኖች ሲነገር እንሰማለን። እዚህ ላይ የላቲን ቋንቋ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሰጠናል፤ የአውሮፓ ቋንቋዎች ዛሬ ተቀናቃኝን የሚጠሩበት ሪቫሊስ የተባለው የላቲን ቃል ሪቩስ ማለትም ጅረት ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ የመነሻ ፍቹ ከአንድ ጅረት ውኃ የሚጠቀም ጎረቤት ማለት ነው። ሮማዊው በጅረት የገለጸውን የእኛ ቋንቋ በትዳር ገለጸው፤ ሁለቱም ግን የጋራ ነገርን ከጠቡ አስቀድመዋል።

የባላጋራ ቦታ ፍርድ አደባባይ ነው። የአንዱ ተሟጋች ባላጋራ ሌላው ተሟጋች ነው፤ ዳኛ በመካከላቸው አለ፤ ነገራቸውም ማለቂያ ያለው ነገር ነው። የ1954 ዓ.ም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት እንዴት አጥብቀው እንደያዙ ማስተዋል ለሙያችን ትምህርት ነው። በግሪኩ አንቲዲኮስ ማለት በፍርድ ቤት የሚከራከር ተቃራኒ ወገን ነው። ተርጓሚዎቹ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከዳኛ ፊት ሳይደርሱ በመንገድ ሊስማሙት ስለሚገባው ሰው ሲናገሩ፣ በሉቃስ ምዕራፍ 18 ዳኛውን ስለምትጨቀጭቀው መበለት ሲናገሩ፣ በጴጥሮስ ቀዳማዊ መልእክት ምዕራፍ 5 ስለ ዲያብሎስ ሲናገሩ፣ በሦስቱም ቦታ ባላጋራ የሚለውን ቃል አኖሩ። በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚወደደው ሰው ሲነገር ግን ግሪኩ ኤክትሮስ ስለሚል ጠላት አሉ። ባላጋራን ይስማሙታል፣ ጠላትን ይወዱታል። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ይዞ ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ባዕድ ሰው ሁለት ትእዛዛት መኖራቸውን እንኳ ላያስተውል ይችላል።

ስለ ፍርድ አደባባይ ከተነሣ ቁራኛን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ወይም ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይውሉ አብረው ያድሩ ነበር። ይህን ልማድ ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች እየተደነቁ ጽፈውታል። ዛሬ ቃሉ የቀረው «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ነው። ለእኔ ግን የቀድሞው የጠብ አሰያየም ጠባይ ከዚህ ልማድ በላይ የሚገልጸው ነገር የለም። ባላጋራ ማለት አብሮህ የታሰረ ሰው ነው።

ወደ ጠላት እንምጣ። ቃሉ ከጠላ የወጣ ነው፤ ጠላም በግእዝ ጸልአ ነው፤ ግእዙ በጸ የሚጽፈውን አማርኛ በጠ ይለዋል። በግእዝ የሚጠላው ጸላኢ ይባላል። የሰይጣን ስም የሆነው ጸላኤ ሠናያት፣ የመልካም ነገሮች ጠላት ማለት፣ ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ ጠላት የሚለው ስም በሁለቱ መካከል ስላለው ነገር አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው በአንዱ ልብ ውስጥ ስላለው ስሜት ነው። ስሜቱን ሳታውቅለት ጠላት ሊኖርህ ይችላል። ይሁንና ቋንቋው ይህን ግንድ እንዲሁ አልተወውም። ከዚያው ከጠላ፣ ተ- ን ቀድሞ፣ የመጀመሪያውን ተነባቢ በራብዕ አድርጎ ተጣላ የሚል ግሥ አወጣ። ይህ የግሥ ቅርጽ፣ ማለትም የተገናኘ፣ የተዋጋ፣ የተካሰሰ፣ የተሟገተ ቅርጽ፣ ሁለት ወገን የግድ የሚያስፈልገው የእርስ በርስ ቅርጽ ነው። ስለዚህ «ጠላው» የአንድ ሰው ነገር ነው፤ «ተጣሉ» የሁለት ሰው ነገር ነው። የተጣላ ሰው ሊታረቅ እንደሚችል ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው ያውቃል። ጠላት ግን በአማርኛ ይሸነፋል፣ ይደመሰሳል፣ ወይም እንደ ወንጌሉ ይወደዳል እንጂ «ከጠላቱ ጋር ታረቀ» ማለት የታሪኩን መደምደሚያ እንደ መናገር ያህል ከባድ ነገር ነው።

የጠላት ታሪክ ወሳኝ ምዕራፍ የጣሊያን ወረራ ነው። ላቲን የግል ጠላትን ኢኒሚኩስ፣ የመንግሥትን ጠላት ሆስቲስ ብሎ ይለያል፤ ግሪክም ኤክትሮስና ፖሌሚዮስ አሉት። አማርኛ ለሁለቱም ጠላት ብቻ ነው ያለው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው ዘመን ግን ቃሉ አጃቢ ሳያስፈልገው የአንድ መንግሥት ስም ሆነ። ሽማግሌዎች «በጠላት ጊዜ» ሲሉ ማን ጠላት እንደሆነ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ጣሊያንም ለተዋጉት አርበኞች ከእኛው ቋንቋ ቃል ተውሶ ሽፍታ አላቸው። ከጣሊያን ቋንቋ ወደ እኛ የተሻገረው ደግሞ ባንዳ ነው። በጣሊያንኛ ቃሉ የተሰበሰበ ቡድን ማለት ሲሆን በቅኝ ግዛቱ ጦር ውስጥ ለመደበኛ ያልሆነው የአገር ተወላጅ ጭፍራ የተሰጠ ተራ የወታደር ስም ነበር። በአማርኛ ከገባ በኋላ ቡድንነቱ ጠፍቶ አገሩን የሸጠ አንድ ሰው ማለት ሆነ። በሰፈሩ ቋንቋ ምንም ክፋት የሌለው ቃል በተበዳዩ ቋንቋ እንዲህ ሲመርር ማየት ለትርጉም ታሪክ ብርቅ አይደለም፤ በቅርቡ ጁንታ የሚለውም ስፓኝኛ፣ በመነሻው ጉባኤ ወይም ሸንጎ ማለት የሆነው፣ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል።

የአዊ አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም የገባው በኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክት ሰፈሩን ያደረገው በአገው ምድር በፋግታ ነበር። ዳንግላ በጣሊያን ጦር ተይዛ ነበር። በአካባቢው ሁለት ታላላቅ የአርበኞች መሪዎች፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በመካከላቸው የቈየ መፎካከር ነበረባቸው። ሳንፎርድ ከፈጸማቸው የመጀመሪያ ተግባራት አንዱ ሁለቱ ተባብረው እንዲሠሩ ማስማማት ነበር፤ ተስማሙም። ነገሩን በቃላት ዓይን ስንመለከተው፣ በዚያን ጊዜ ጠላት የሚለው ስም ለጣሊያን ተሰጥቶ ስለ ነበር የሁለቱ መሪዎች ጠብ ከዚያ ያነሰ ስም ያስፈልገው ነበር፤ ያነሰ ስም ያለው ጠብ ደግሞ ይታረቃል። ቋንቋው ባላጋራን ከጠላት የሚለይበት ቃል ባይኖረው ኖሮ ስምምነቱ አይደረግም ነበር ለማለት አልደፍርም። ልዩነቱ ግን በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ሥራውን እንደሠራ እገምታለሁ።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ወደሆነው ወደ ፀር እንሸጋገር። በመጀመሪያ ጠላትና ፀር በሥር አይገናኙም። ጠላት በጸ ከሚጻፈው ከጸልአ ሲወጣ ፀር በፀ ከሚጻፈው ከፀረረ ይወጣል። በግእዝ እነዚህ ሁለት ፊደላት ሁለት ድምፅ ነበሩ፤ ዛሬ በአማርኛ አንድ በመሆናቸው ጸሐፊዎች ፀርን በጸም በፀም ይጽፉታል። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላትም ሆነ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የንጽጽር መዝገበ ቃላት ሥሩ በየቦታው ተቀምጧል። የሴማውያን ቋንቋዎችን ስናነጻጽር ደግሞ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። የዚሁ ሥር ዘመዶች በዕብራይስጥ ጻራ፣ በዐረብኛ ዳራ፣ በአካድኛ ጸሬቱ ሲሆኑ የሦስቱም ፍች ጣውንት ነው። እንግዲህ ግእዝ ለክፉ ጠላት የሚለው ቃል ሥሩ ከሌሎቹ ዘመዶቹ ጋር ሲታይ አንድ ቤት ወዳላቸው ሁለት ሴቶች ያደርሰናል። በግእዝ ግን ቤቱ ተረስቶ ጠቡ ብቻ ቀርቷል። ዳዊት የደገመ ሁሉ ፀርንና ብዙውን አፅራርን የሚያውቃቸው በዚህ በመረረው ፍቻቸው ነው።

ፀር በግእዝ ስም እንደመሆኑ ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ መጨረሻው ግእዝ ይሆናል፤ ቤት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሆን ፀርም ፀረ ይሆናል። «ፀረ እገሌ» ማለት ቃል በቃል «የእገሌ ጠላት» ማለት ነው። ይህ ናባቢ ስም የስድብ ማኅተም ሆኖ የታየበት ጥንታዊ ምሳሌ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሡት እኚህ ንጉሥ የማርያምን በዓላት ያበዙ፣ ለሥዕሏና ለመስቀል መስገድን ያጸኑ መሆናቸው ይታወቃል። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የሆኑት መነኮሳት ይህን ስግደትና ለንጉሥ መስገድን አንቀበልም በማለታቸው ተሰደዱ፣ ተገረፉ፣ ተገደሉ። እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ደቂቀ እስጢፋኖስ ብለው ነበር፤ በኋላም ማእከላቸው የጉንዳ ጉንዴ ገዳም ሆነ። አሳዳጆቻቸው የሰጧቸው ስም ግን ፀረ ማርያም የሚል ነበር። የማርያምን ክብር እንደማይክዱ ቢናገሩም ስሙ ክርክሩን አስቀድሞ ዘግቶታል። ስግደትን አለመቀበል አንድ አቋም ነው፤ አቋም ያለውን ሰው ይከራከሩታል። የማርያም ጠላት መሆን ግን አቋም ሳይሆን ማንነት ነው። ፀረ የሚለው ቃል አንድን አቋም ወደ ማንነት የመለወጥ ኃይሉን እንግዲህ በ15ኛው ምዕት ዓመት አሳይቷል።

ከዚያ በኋላ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ቃሉ ከቤተ ክህነት አደባባይ ብዙ አልራቀም። ወደ አደባባይ ያወጣው የ1966ቱ አብዮት ነው። በዚያ ጊዜ የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመት ያህሉ ነበር፤ የአብዮቱ ቃላት የአካዳሚ ደጃፍ አልረገጡም። በውጭ አገር በነበሩ የተማሪዎች ማኅበራት መጽሔቶች፣ በኅቡዕ በሚበተነው በዴሞክራሲያ፣ በየሰፊው ሕዝብ ድምፅ፣ በራዲዮና በአዲስ ዘመን ገጾች በጥድፊያ ተወለዱ። ለተርጓሚዎቹ ትልቁ ችግር ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣው አንቲ- እና ኮንትር- የሚለው ቅድመ ቃል ነበር። አማርኛ እንዲህ ያለ ቅድመ ቃል የለውም። ስለዚህ ከግእዝ ፀረ ን አንሥተው ሰረዝ ጨመሩለት፤ ፀረ-አብዮት፣ ፀረ-ሕዝብ፣ ፀረ-ኢምፔሪያሊስት፣ ፀረ-ፊውዳል ተባለ።

ምርጫው ብልህ ምርጫ ነበር፤ አጭር ነው፣ ከማንኛውም ስም ጋር ይገጥማል፣ ለጆሮም ክብደት አለው። ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም። በግሪክ አንቲ ማለት ፊት ለፊት፣ በአንጻር፣ በምትክ ማለት ነው፤ በውስጡ ጠላት የለም። የቀድሞ ተርጓሚዎች ይህን ያውቁ ነበር። አንቲክሪስቶስ የሚለውን ግእዙ ሐሳዌ መሲሕ አለው፤ የ1954ቱ አማርኛ የክርስቶስ ተቃዋሚ አለው። ለዚህ ስም ፀረ ክርስቶስ የማለት ዕድሉ በእጃቸው ነበር፤ አላሉትም። አንዱ ሐሰተኝነቱን፣ ሌላው ፊት ለፊት መቆሙን መረጠ።

በሰዋስው በኩል ፀረ- ወዲያው ስምነቱን እየለቀቀ ቅድመ ቃል መሆን ጀመረ። ማስረጃው ፀረ-አብዮተኛ የሚለው ቃል ነው። በግእዝ ሕግ ፀረ አብዮት ብቻውን የአብዮት ጠላት፣ ማለትም ሰውየው ነው፤ ሌላ -ኛ አያስፈልገውም። ተናጋሪው -ኛ የጨመረው ጠላት የሚለውን ፍች በፀረ- ውስጥ መስማት ስላቆመ ነው። ሆኖም ፍቹ ከሰዋስው ቢጠፋም ከስሜት አልጠፋም። ይህን ለማየት ከፀረ- በኋላ የሚመጣውን ስም መከፋፈል ይበቃል። ከፀረ- በኋላ የሚጠላ ነገር ሲመጣ ቃሉ መሣሪያን ወይም ሥራን ይሰይማል፤ ፀረ-ተባይ መድኃኒት ነው፤ ፀረ-ታንክ መሣሪያ ነው፤ ፀረ-ፊውዳል ትግል ነው። ከፀረ- በኋላ የሚወደድ ነገር ሲመጣ ግን ቃሉ ሁልጊዜ ሰውን ይሰይማል፤ ፀረ-ሕዝብ ሰው ነው፣ ፀረ-አንድነት ሰው ነው፣ ፀረ-ሰላም ሰው ነው። በአንድ ቅርጽ ተባይና ሰው ጎን ለጎን ተቀመጡ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በቀይ ሽብር ጊዜ በራዲዮ ከነዚህ ስሞች ጋር አብሮ ይነገር የነበረው ቃል «እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚል ነበር። ከእነርሱ ጋር ተከራከርን፣ ተሟገትን፣ ተጣላን የሚል የእርስ በርስ ግሥ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም፣ ስሙ ሁለተኛ ወገን የለውምና። ሁሉም ወገን ይህን ቋንቋ ይናገር እንደነበረም መዘንጋት አይገባም። ኢሕአፓ መኢሶንን በባንዳነት ሲከስ ደርግና መኢሶን ኢሕአፓን አናርኪስት ይሉ ነበር፤ በሰሜን ለሚዋጉት ደግሞ ወንበዴ የሚለው ስም ነበረ፤ እርሱም በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ከክርስቶስ ጋር ለተሰቀሉት የተሰጠ ስም ነው።

አንድ ነገር ግን ለዚያ ዘመን ተርጓሚዎች መመስከር ይገባል። ማኦ እ.ኤ.አ. በ1957 ባደረገው ዝነኛ ንግግር በሕዝብ መካከል ያለውን ቅራኔና ከጠላት ጋር ያለውን ቅራኔ ለይቶ ነበር። የእኛ ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት «የሚታረቅ ቅራኔ» እና «የማይታረቅ ቅራኔ» አሉት። ከዚህ የተሻለ ትርጉም በየትኛውም ቋንቋ ይኖራል ብዬ አላምንም። የሽማግሌን ቋንቋ በፍልስፍናው መካከል አኖሩት፤ ጥያቄውም ይታረቃል ወይስ አይታረቅም የሚል የቀድሞው ጥያቄ ሆነ። ቃሉ ሲገኝ ሰዎቹ በተግባር አልተጠቀሙበትም፤ ያ የተርጓሚው ጥፋት አይደለም።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ፀረ- በሁለቱም መንገዱ ቀጠለ። በ1993 ዓ.ም የሥነ ምግባርና የፀረ-ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2001 ዓ.ም የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። እነዚህ በመሣሪያው ወገን ያሉ፣ ማለፊያ የሆኑ አጠራሮች ናቸው። ይሁንና አዋጁን የተካው የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1176 በርእሱ ፀረ- ን ትቶ የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ ተብሏል። ርእሱ ረዝሟል፤ ነገር ግን ምን ሊሠራ እንደወጣ በግሥ ይናገራል፤ እንደ ተርጓሚ ይህን እመርጣለሁ። በሌላው ወገን ግን ፀረ-ሰላም፣ ፀረ-ልማት፣ ፀረ-ሕዝብ የሚሉት የሰው ስሞች መንግሥት ሲለወጥ አልተለወጡም። የተለወጠው የሚሰየመው ሰው ነው።

በዚሁ ጊዜ ተቃዋሚ የሚለው ቃል የደረሰበት ነገር የሚያሳዝን ነው። ቃሉ ከቆመ የወጣ የእርስ በርስ ቅርጽ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመ ማለት ነው፤ ለግሪኩ አንቲ ከዚህ የቀረበ ቃል የለንም። ነገር ግን ከጎኑ ባሉት የፀረ- ቃላት ጥላ ሥር ለብዙ ዓመታት ሲኖር ጠቈረ። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተሾሙበት ዕለት ባሰሙት ንግግር ሌሎች ፓርቲዎች ከእንግዲህ እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን እንደ ተፎካካሪ፣ እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲታዩ ጠየቁ፤ ከዚያም ወዲህ ተፎካካሪ ፓርቲ የሚለው ስም በመንግሥት ቋንቋ ጸና። በንግግሩ ውስጥ ተቃዋሚና ጠላት ጎን ለጎን መሰለፋቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ ይህ ቃሉ ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳይ ነው። የተተካበት ቃል ደግሞ ከፉከራ፣ ጦረኛ ጠላቱን ከሚያስፈራራበት የአደባባይ ድንፋታ፣ የተወለደ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ለስለስ ያለው ስም ከጦር ሜዳ መጣ፤ ቆሞ መከራከርን የሚናገረው ስም ተጣለ። እኔ በበኩሌ ተቃዋሚ ወደ ቦታው እንዲመለስ እመኛለሁ፤ ፓርቲ ሁሉ ይፎካከራል፣ ገዢውም ጭምር፤ ሁሉም ግን አይቃወምም።

የፀረ- ባዶነት በግልጽ የሚታየው ከአማርኛ ወደ ሌላ የአገራችን ቋንቋ ሲተረጐም ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በጥርባ ሳለሁ አንድ መምህር ከአማርኛ ወደ አውኚ ማስታወቂያ ሲተረጕም አብሬው ተቀምጬ ነበር። አውኚ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ በስም ፊት የሚለጠፍ እንዲህ ያለ ቅድመ ቃል የለውም፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ይነገራል፣ የሚገዛው ስም ይከተላል። ፀረ-ወባ የሚለውን ሳይቸገር የወባ መድኃኒት በሚል መንገድ አለፈው። ፀረ-ሙስና ላይ ጥቂት ቆሞ ሙስናን የሚከለክል በሚል መንገድ በግሥ አደረገው። ፀረ-ሰላም ኃይሎች ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ። በአውኚ ይህን ለማለት «የሰላም ጠላት» ብሎ ጠላት የሚለውን መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት ማውጣት ነበረበት፤ አማርኛው ፀረ- በሚል አጭር ቃል የሸፈነውን ቋንቋው ሊሸፍንለት አልቻለም። «ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ጠላት ካልኩ ሰዎቹ ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል።»

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለመዝገበ ቃላትና ለስያሜ ሥራ የሚከተለውን ማቅረብ ይቻላል። ደመኛ፣ ጣውንት፣ ባላጋራ በጠላት መፈታታቸው ይቅር፤ እያንዳንዱ በመካከል ባለው ነገር፣ በደም፣ በባል፣ በሙግት ይፈታ። የባዕዱ አንቲ- ሲመጣ ተርጓሚው አስቀድሞ ከፊቱ ያለው ስም የሚጠላ ነው ወይስ የሚወደድ ብሎ ይጠይቅ። የሚጠላ ሲሆን ብዙ ጊዜ ፀረ- እንኳ አያስፈልግም፤ ሕዝቡ የሳል መድኃኒት፣ የትል መድኃኒት ብሎ በባለቤትነት ብቻ ይግባባል። የሚወደድ ሲሆን ግን ፀረ- አይግባ፤ በግሥ ይነገር፤ ሰላምን የሚያውክ፣ አዋጁን የሚቃወም ይባል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ምን እንዳደረገ መናገር ግድ ይሆናል።

በሕክምና ቃላት ረገድ አንድ ጉዳይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ለሰውነት የመከላከያ ፕሮቲን ፀረ-አካል የሚል ስም ቢወጣ ቃሉ የአካል ጠላት ማለት ሆኖ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ አካልን የሚከላከለው የአካል ጠላት ይባላል። በአጠቃቀም የጸናው ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ እንግዳ የሚለው ቃል ጣልቃ ገብቶ ጠላትነቱን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ አዙሮታል። ይህን ማን እንዳስተካከለው ስሙ አልተመዘገበም፤ ጆሮው ግን በፀረ- ውስጥ ጠላትን መስማት ያላቆመ ሰው ነበር። ለዚህም ሲባል በአዲሶቹ መዛግብት ውስጥ ፀር ሁልጊዜ በፀ እንጂ በጸ ባይጻፍ፣ ከጸላኢና ከጸልአ ተለይቶም በራሱ ዐምድ ቢገባ፣ ለሚቀጥለው ተርጓሚ መንገዱ ይቀናለታል።